ሰባተኛው ከረጢት

ጥር 4 ቀን

አባዬ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አምስት ቀን ሆኖታል። መልሱ የዘገየው በእኔ ነው፤ ፖስታ ቤቱን እንዳትቆጣ። ሳልህ ተሻለህ? እማዬ ሰላም ብላሃለች። ሹራቡን ከኮቱ ሥር ልበሰው፣ ከላይ ከደረብከው ለሰው ማሳያ እንጂ ለብርድ አይሆንም ብላለች። እኔ ደህና ነኝ።

የጠየቅከኝን እንዳልከው አድርጌያለሁ። ከእኛ ዛፍ ሃያ ፖም ለቀምኩ፤ አምስት ከላይ፣ አምስት ከታች፣ አስር ከመሃል። በወጥ ቤቱ ሚዛን አንድ በአንድ መዘንኳቸው። ትንሹ መቶ ስድሳ ግራም ነው፣ ትልቁ ሁለት መቶ አስር። ቅርጹ ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ታች ይጠብባል። ቆዳው ቢጫ ነው፤ ፀሐይ ባየው ጎኑ በጣት የተቀባ የሚመስል ቀይ ሰረዝ አለው። የሚንጠለጠልበት ጭራ አጭር ስለሆነ ስለቅመው ቅርንጫፉ አብሮ ልምጣ ይላል። ሥጋው ንጹሕ ነጭ አይደለም፤ ጠብታ ሻይ የገባበት ወተት ይመስላል። አንዱን ለሁለት ከፍዬ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ልብስ አጥቤ ስመለስ አልጠቆረም። ስነክሰው እማዬ ከሌላው ክፍል "ምን ሰበርሽ?" አለችኝ።

ጣዕሙን ለመጻፍ ተቸግሬ ነበር። መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቀጥሎ ውሃው አፍ ይሞላል፣ ልትውጠው ስትል ከምላስ ሥር ጎምዘዝ የሚል ነገር ይመጣል። ያ ጎምዛዛው ነው ሌላ አንድ የሚያስጨምርህ። አምና በገለባ ሳጥን ያስቀመጥናቸው ደግሞ እስከ አራተኛው ወር አልተሸበሸቡም ነበር። ቅጠሉ ላይ እንደ ሌሎቹ ዛፎች ጥቁር ነጠብጣብ የለም። ሦስት ጊዜ ዞሬ አይቻለሁ።

ትናንት የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያው ኃላፊ ከሁለት ሰዎች ጋር የአትክልቱን ቦታ በገመድ ሲለካ ዋለ። በሚነቀሉት ዛፎች ላይ ነጭ ቀለም ቀብተዋል። የእኛን ዘለውታል። ምስክር ወረቀት ያለው ዛፍ ብቻ አጥር ተከልሎለት ይቀራል፣ የቀረው ሚያዝያ ሳይገባ ይነቀላል አለ። "አባትሽ ወረቀቱን ይዞ ከተፍ ይበል እንጂ" ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ።

ዛፋችን የተዳቀለበትን ዓመት የአበባ ደብተር ገና አላገኘሁትም። እፈልገዋለሁ።

ልጅህ

ጥር 11 ቀን

ለጭምቷ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ለራሴ አነበብኩት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከክፍሌ ሥር ለሚሠራው ልብስ ሰፊ። "ምን ሰበርሽ?" የሚለው ላይ ስደርስ መርፌውን አስቀምጦ ሳቀ። መኪናው ሲያንቀጠቅጥ አልጋዬም አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ እኔና እሱ አብረን ነው የምንሠራው ማለት ይቻላል። ለእናትሽ ሹራቡን ከሥር ለብሻለሁ በያት። እውነት ነው፣ ዛሬ ለብሼዋለሁ።

የዝርያ መዝገብ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ፤ ሁላችንም እዚያ ተደርድረን እንውላለን። የእኔን ፋይል የያዙት ሴትዮ ሁለት መነጽር አላቸው፤ አንዱ ዓይናቸው ላይ፣ አንዱ ፀጉራቸው ላይ። ባለመነጽሯ ብያቸዋለሁ፤ አንቺም እንዲሁ በያቸው። የላክሽውን ልኬት ሁሉ ወደውታል። አሁን የቀረው "መነሻ" የሚለው ገጽ ነው። እናት በሚለው ላይ ቀይዋን፣ አባት በሚለው ላይ ማሩ የምንለውን ቢጫውን ዛፍ፣ አዳቃይ በሚለው ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። ሃያ ስድስት ዓመት የሌላ ሰው ዛፍ ውሃ ሳጠጣ ኖሬ፣ ስሜን እንዲህ አሳምሬ የጻፍኩበት ቀን የለም።

ጥር 28 ቀን የጻፍኩት እውነት ነው ብዬ ምዬ እፈርማለሁ። ከዚያ ወዲያ ማረም የለም። አንዳንዱን ፋይል ቅጠሉን ወደ ላቦራቶሪ ልከው ይመረምሩታል፤ እናትና አባት ተብሎ ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ ፋይሉ ይዘጋል፣ ዳግም አይከፈትም። እኛን ግን ምን ያስፈራናል?

ከሦስቱም ዛፎች፣ ማለት ከእኛው፣ ከቀይዋና ከማሩ፣ አስር አስር ቅጠል በሦስት ፖስታ ላኪልኝ። ደብተሩ እቤት አልጋዬ ሥር ካለው ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። አላገኘሁትም ማለትሽ ገርሞኛል፤ ስሄድ አሳይቼሽ ነበር። ግራ ገጹን ብቻ ገልብጪልኝ። ቀኝ ገጹ ጭረት ነው፣ ጊዜሽን አታጥፊበት።

ማክሰኞ ለልብስ ሰፊው ደውለሽ አገናኘኝ። "በላህ?" አልሽኝና ዘጋሽ። ለዚህ ነው ሱቅ ድረስ የሄድሽው?

አባትሽ

ጥር 16 ቀን

አባዬ፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ስልክ የደወልኩት ለሌላ ነገር ነበር። ሱቁ ውስጥ አራት ሰው ነበር። ባለሱቁ ደህና እንድሰማ ብሎ ሬዲዮውን ቀነሰው፤ ሬዲዮው ሲቀንስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ከአፌ የወጣው "በላህ?" ብቻ ሆነ።

ደብተሩን አግኝቼው ነበር። የዋሸሁህ ገልብጬ ከላክሁልህ ትፈርማለህ ብዬ ነው። ግራ ገጹ ይኸው፦

"አሥራ ሁለት አበባ፣ ሁሉም በቀይዋ ላይ። እንቡጡ ሳይፈነዳ የራሱ ወንዴ ተለቅሞ እሑድ በከረጢት ተሸፈነ። ረቡዕ ከረጢቱ ተፈትቶ የማሩ አበባ ዱቄት በብሩሽ ተቀባ፣ ተመልሶ ታሰረ። ቁጥር ሰባት አምስት ዘር ሰጠ። አንዱ በቀለ።"

ያ አንዱ የእኛ ዛፍ ነው።

ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። እሑድ ከረጢቱን ስታስር ለምን አበባውን እንደምትሸፍነው ጠየቅኩህ። ውስጥ ሙሽራ አለች፣ ሙሽራው ረቡዕ ይመጣል፣ እስከዚያ ማንም አያያትም አልከኝ። ማክሰኞ አንተ ወደ ጣቢያው ቢሮ ስትሄድ ላያት ሄድኩ። እጄ የደረሰው ዝቅ ያለው ላይ ነው፤ ሰባተኛው ላይ። ፈታሁት። አበባዋ ተከፍታ ነበር። ደስ አለችኝ። ከረጢቱን እንደ ቆብ ደፍቼ እስከ ምሳ ተጫወትኩበት። ስመለስ አበባዋ ላይ ንብ ነበረች፤ እግሯ ቢጫ በቢጫ ሆኗል። እስክትወጣ ጠበቅኳትና መልሼ አሰርኩት።

ከረጢቱ የሚታሰረው ንብ የሌላ ዛፍ ዱቄት እንዳታመጣ መሆኑን ያወቅኩት አሥር ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ አንተ ለእንግዶች ስታስረዳ ከኋላህ ቆሜ። ያን ቀን ልነግርህ ነበር። በማግስቱም ልነግርህ ነበር። ከዚያ ዛፉ አፈራ፣ ኃላፊው የቀይዋ እና የማሩ ልጅ ብሎ ሰሌዳ ተከለበት፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

አባቱ ማን እንደሆነ አናውቅም። ካልፈረምክ ዛፉ ይነቀላል፤ አውቃለሁ። ፈርመህ ቅጠሉ ከተመረመረ ደግሞ ፋይሉም ይዘጋል፣ ዛፉም ይነቀላል፣ አንተም ምሎ ዋሸ ትባላለህ። እባክህ እንዳትፈርም።

ቅጠሉን አልላክሁም። ለእማዬም አልነገርኳትም።

ልጅህ

ጥር 21 ቀን

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እዚህ ዝናብ ነው። ልብስ ሰፊው ለሠርግ የታዘዘ አሥራ አራት ሱሪ ስላለበት መኪናው አያርፍም። ደረጃው ጉልበቴን አስቸግሮኛል፣ ሳሉ ግን ለቆኛል።

ትናንት ይዤ የመጣሁትን ፖም ባለመነጽሯ ፊት ከፈልኩት። ሦስት ሆነው ቀመሱት። አንደኛው ዘሩን ሳይቀር ቆርጥሞ በላና እጁን በፋይሉ ጠረገ። እንዲህ ያለ ፖም ሳይመዘገብ ቢቀር ጥፋት ነው።

ስለጻፍሽው ጉዳይ፦ የስድስት ዓመት ልጅ ያየችውንና ያለመችውን ትቀላቅላለች። ከረጢቱ አሥራ ሁለት ነበር፣ የትኛው እንደነበር እንዴት ታስታውሺያለሽ? ስለዚህ ነገር ደግመሽ አትጻፊልኝ። ለእናትሽም አታንሺባት፣ ያለ ነገር ታስጨንቂያታለሽ።

ቅጠሉን ዛሬ ነገ ሳትይ ላኪው። ሦስት ፖስታ።

አባትሽ

ጥር 24 ቀን

አባዬ፣

ይህን በፖስታ አላደረግሁትም፣ ከ28 በኋላ ይደርስብኛል ብዬ። ለአውቶቡሱ ሹፌር ራሴ ነኝ የሰጠሁት። እጅ በእጅ አድርስልኝ አልኩት። ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት፤ መጀመሪያ አልሰማኝም።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ቀኝ ገጹን ገለጥኩ። አታንብቢው ያልከኝን ነገር ሳነብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንዲህ ይላል፦

"ረቡዕ ጠዋት። የሰባተኛው ቋጠሮ የኔ አይደለም። የጫማ ክር ቋጠሮ ነው።"

በላዩ አንድ መስመር ተሰምሮ ተሰርዟል። ከሥሩ ግን ይነበባል። የጫማ ክር ማሰር ያስተማርከኝ በዚያው ሳምንት ነው፤ ሁለት ጆሮ ሠርተሽ አንዱን በአንዱ ሥር አሳልፊው እያልክ። የጣቢያው ሠራተኞች ሁሉ ቦት ጫማ ነበር የሚያደርጉት፣ ክር ያለው ጫማ የኔ ብቻ ነበር። ስለዚህ አውቀህ ነበር። ረቡዕ ጠዋት አውቀህ፣ የማሩን ዱቄት ቀባህበትና በራስህ ቋጠሮ አሰርከው።

እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ከአንተ የደበቅሁ መስሎኝ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ማሩ ጥቁሩን ነጠብጣብ አይችልም፣ ቀይዋም አትችልም፤ ሁለቱም በየዓመቱ ቅጠላቸው ይረግፋል። የእኛ ዛፍ ታዲያ ይህን ጤና ከማን ወሰደው? ትናንት ወደ ኋላ አጥር ሄጄ ማንም የማይለቅመውን የዱር ፖም ቀመስኩ፤ ከቀይዋ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ፍሬው እንደ ጠጠር ትንሽ ነው፣ ፊት ያስጨማድዳል። ግን ያ ከምላስ ሥር የሚመጣው ጎምዛዛ ራሱ ነው። ቅጠሉ ላይ አንዲት ነጥብ የለም። ግንዱ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል።

ሦስት ፖስታ ብለኸኝ ነበር። አራት ልኬያለሁ። አራተኛው ላይ "የአጥሩ" ብዬ ጽፌበታለሁ።

የፈለግከውን አድርግ። እኔ ግን አላለምኩም፣ አይቻለሁ።

ልጅህ

የካቲት 2 ቀን

ለልጄ፣

ሹፌሩ ጥር 27 ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። "ልጅህ እጅህ ላይ ሳላደርስ እንዳልመለስ አስምላኛለች" አለኝ። አንቺ ሰው ስታስምዪ ማየት አምሮኝ ነበር።

አልፈረምኩም። ይህን በመጀመሪያ እወቂ።

ረቡዕ ጠዋት ቋጠሮውን ሳይ ሳቄ መጣ። ከዚያ ማድረግ የነበረብኝ አበባውን ቆርጦ መጣል ነበር፤ ሥራው እንዲህ ነው። አሥራ አንድ ሌላ ነበረኝ፣ አንዱ ቢጎድል ምን ይመጣል? ግን ብቆርጠው ትጠይቂኛለሽ፣ ትደነግጫለሽ፣ ያኔም ቢሆን የምትደነግጪ ልጅ ነበርሽ። ስለዚህ ቀባሁት፣ አሰርኩት፣ ሰረዝኩት። አሥራ አንዱ ምንም ሳይረባ ቀረና ያ በቀለ። ሰሌዳው ሲተከል ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ኃላፊው እጄን ጨበጠኝ፣ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለመናገር ትንሽ እየከበደ ሄደ። ያለምሽው ነው ብዬ የጻፍኩልሽን ይቅር በይኝ። አውቄ ነው የጻፍኩት።

ባለመነጽሯ ዘንድ ገብቼ አባቱ ያልታወቀ ፖም ይመዘገባል ወይ አልኳቸው። ሁለተኛውን መነጽር ከፀጉራቸው አውርደው አዩኝ። ሊመዘገብ ይችላል አሉ፣ ግን በእጅ የተዳቀለ አይባልም፤ አራቱም ቅጠል ይመረመራል፣ አምስት ሳምንት ይፈጃል፣ ከዚያ ኮሚቴው ይወስናል። ሊጥሉትም ይችላሉ። ደግሞም ከረጢቱን የከፈተው ሰው ራሱ መጥቶ በአፉ ማስረዳት አለበት። ልጄ ሰው ፊት አትናገርም፣ እኔ ልናገርላት ብላቸው እምቢ አሉ። ወረቀትም አይሆንም አሉ። ቀኑ የካቲት 14 ነው።

ብትቀሪ አልቀየምሽም። ነይም አልልሽም፣ ቅሪም አልልሽም። ለእናትሽ ግን ንገሪያት፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ብነግራት የባሰ ነው።

አባትሽ

የካቲት 17 ቀን

አባዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ። እማዬ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ መጥታ ተቀበለችኝ። ስነግራት "አባትና ልጅ አሥር ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ድብብቆሽ ስትጫወቱ እኔ ምን ስሠራ ነበር?" ነው ያለችው። አሁን ስቃ ትናገረዋለች።

ከኮሚቴው ክፍል ወደ ኮሪደሩ ስወጣ ምን ጠየቁሽ አልከኝ፣ ስለ ከረጢቱ ነው አልኩህ። ሁሉን አልነገርኩህም። አውቶቡሱ እስኪነሳም አጠገቤ ቆመህ ነበር፣ ያኔም አልነገርኩህም። በሩ ተዘግቶ ስለነበር አልሰማህም፤ ስለዚህ ልጻፍልህ።

አራት ሆነው ተቀምጠዋል። ወንበሩ ከእነሱ ሩቅ ነው። ባለመነጽሯ የሆነውን ንገሪን አሉኝ። ጀመርኩ፣ አይሰማም አሉ። ደግሜ ጀመርኩ፣ አሁንም አይሰማም አሉ። እጄን ከወንበሩ ሥር ይዤ ስለ ሙሽራዋ፣ ስለ ቆቡ፣ ስለ ንቧ ተናገርኩ። የሳቀ አልነበረም። ዳር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሰዓቱንና ቀኑን እየደጋገመ ጠየቀኝ፣ እየተምታታሁ እንደሆነ ለማየት መሰለኝ። አልተምታታሁም።

ከዚያ ባለመነጽሯ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል አሉ። "አባትሽ ከረጢቱ መከፈቱን ያውቅ ነበር?"

አባዬ፣ አያውቅም ብል ኖሮ የሚያውቅ አልነበረም። ደብተሩ እቤት ነው፣ ቀኝ ገጹን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አያውቅም ብል ጥፋቱ የሕፃን ልጅ ይሆን ነበር፣ ስምህም እንዳለ ይቀር ይሆናል። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ነው የታየኝ። ዳር ያለው ሰውዬ መልሺ አለኝ።

"ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ሁለታችንም ዝም አልን" አልኩ።

ባለመነጽሯ ጻፉት። ሲጽፉ ብዕራቸው ሲጭር ይሰማኝ ነበር። ከዚያ መሄድ ትችያለሽ አሉኝ።

ዛፉ ሊነቀል፣ ስምህ ሊጠፋ እንደሚችል እያወቅሁ አንተን ሳልጠይቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ብትቆጣ ይገባኛል። ብቻ ተቆጥተህም ቢሆን ጻፍልኝ፤ እንዳለፈው ስለ ዝናቡና ስለ ሱሪው እንዳትጽፍልኝ።

ልጅህ

መጋቢት 21 ቀን

ለልጄ፣

ከወር በላይ መልስ አለመጻፌን አውቃለሁ። ተቀይሜሽ ነበር፤ ይህን ብደብቅ እንደ ልማዴ መደበቄ ነው። ልብስ ሰፊው እንኳ ታዝቦኛል፣ ምን ነካህ ብሎ ሁለት ሱሪ ቁልፍ አስተከለኝ። ከትናንት በስቲያ ውሳኔው ስለወጣ እጽፍልሻለሁ።

የቅጠሉ ምርመራ እናቱ ቀይዋ ናት ብሏል። ማሩ የለበትም፣ ጠብታም የለበትም። አባቱ የአጥሩ ነው፤ አራተኛው ፖስታሽ ነው ፋይሉን ያዳነው። በፍሬው መጠን፣ በጣዕሙ፣ በመቆየቱና በቅጠሉ ጤና የተጠየቀውን ሁሉ አልፏል። ተመዝግቧል። ዛፉ አይነቀልም። የአጥሩም አይነቀልም፤ አባት ሆኖ ከተጻፈ በኋላ ማን ይነካዋል? ለኃላፊው ደብዳቤ ጽፈውለታል፣ ነጩን ቀለም ዛሬውኑ እንዲፍቅለት አንቺም ንገሪው።

አዳቃይ የሚለው ቦታ ላይ ስሜ ተሰርዟል። አውቆ ስላላሳወቀ ይላል ከሥሩ። ቦታው ባዶ ሆኖ አይቀርም፣ ምን ይጻፍበት ሲባባሉ "ንብ ብላችሁ ጻፉ" አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። "በአጋጣሚ የተገኘ" ተብሎ ተጻፈ። ሃያ ስድስት ዓመቴ በሁለት ቃል አለቀ ብዬ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በማግስቱ ግን በላሁ።

በሩ ተዘግቶ ስለነበር አልሰማህም ብለሽ ጽፈሻል። ልጄ፣ ሰምቼ ነበር። መጀመሪያ ምንም አይሰማም ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን ኮሪደሩ በሙሉ ሰማሽ። "ያውቅ ነበር" ስትዪ አግዳሚው ላይ ስድስት ሰው ነበርን። ከበሩ ስትወጪ ምን ጠየቁሽ ያልኩሽ የምትነግሪኝ እንደሆነ ለማየት ነው፤ አውቶቡሱ አጠገብም የቆምኩት ለዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ አለ። አንቺ ውስጥ ሆነሽ ገና ሳትወጪ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ፋይሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ በሩ እያየ፣ "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?" አለ።

"የኔ ናት" አልኩት።

አባትሽ